ጡረታና ዐሥራ ሦስተኛው ወር



በቤተ ሰብ መካከል የጡረታ ነገር በተነሣ ቍጥር ብዙውን ጊዜ የሚጠየቀው የገንዘቡ ልክ ነው። «ስንት ያገኛሉ?» ይባላል እንጂ «በስንት በስንት ቀን ያገኛሉ?» ብሎ የሚጠይቅ ጥቂት ነው። ነገር ግን ሌላ ገቢ የሌላቸው አባት ወይም እናት ኑሯቸውን የሚለኩት በሁለቱም ነው፤ በገንዘቡ ልክና ከአንዱ ክፍያ እስከ ሁለተኛው ክፍያ ባለው የቀን ርዝመት። የገንዘቡን ልክ የሚወስነው ሕግ ስለ ሆነ በእኛ እጅ አይደለም፤ ቀኑን ማከፋፈል ግን የቤተ ሰብ ሥራ ነው። በዚህ ወር ስለዚሁ ስለ ቀኑ ነገር ጥቂት እንነጋገራለን።

ጡረታ የሚለው ቃል «ጦረ» ከሚለው ግሥ የወጣ ነው። ጦረ ማለት ያረጀውን አበላ፣ አለበሰ፣ ደገፈ ማለት ሲሆን፣ ጧሪ የሚባለውም ይህን የሚያደርግ ልጅ ነው። ልጅ ለተወለደለት ሰው «ጧሪ ቀባሪ ያድርግልህ» ተብሎ የሚመረቀው ስለዚህ ነው። እንግዲህ መንግሥት ላገለገሉት ሰዎች የሚከፍለው ገንዘብ በዚሁ ስም መጠራቱ፣ የልጅን ፋንታ ይሠራል ተብሎ ስለ ታሰበ ነው። ይሁን እንጂ በሁለቱ ጧሪዎች መካከል አንድ ልዩነት አለ። አብሮ የሚኖር ልጅ እናቱን የሚጦረው በየዕለቱ ነው፤ ቍርሷን ጠዋት፣ እራቷን ማታ ያቀርባል። መንግሥት ግን የሠላሳውን ቀን ቍርስና እራት አንድ ጊዜ ቈጥሮ ይሰጥና እስከሚቀጥለው ወር ድረስ ተመልሶ አይመጣም።

በአገራችን የመንግሥት ሠራተኞች ጡረታ በአዋጅ ቍጥር 209/1955 ተደንግጎ ነበር። የግል ድርጅት ሠራተኞች ግን በጡረታ ዐቅድ የታቀፉት ከዚያ ብዙ ዘግይተው፣ በአዋጅ ቍጥር 715/2003 ነው። ሁለቱም ሕጎች በየጊዜው ከተሻሻሉ በኋላ፣ በ2014 ዓ.ም. ለመንግሥት ሠራተኞች አዋጅ ቍጥር 1267፣ ለግል ድርጅት ሠራተኞች ደግሞ አዋጅ ቍጥር 1268 ወጥተዋል። በመደበኛው ሥርዓት መሠረት 60 ዓመት የሞላውና ቢያንስ 10 ዓመት ያገለገለ ሠራተኛ ዕድሜውን በሙሉ በየወሩ አበል ይከፈለዋል። ዐሥር ዓመት ሳይሞላው የተሰናበተ ግን የሚያገኘው ዳረጎት ነው፤ ይኸውም አንድ ጊዜ ተሰጥቶ የሚያበቃ ገንዘብ ነው።

በአንድ ጊዜ ክፍያና በየወሩ ክፍያ መካከል ያለው ልዩነት ምን ያህል እንደ ሆነ ከአሜሪካ የጡረታ ታሪክ ሁለት ሰዎችን አንሥቶ ማሳየት ይቻላል። የአሜሪካ መንግሥት የጡረታ ዐቅዱን በጀመረበት ጊዜ የሚከፍለው በአንድ ጊዜ ነበር። እ.ኤ.አ. በጥር ወር 1937 ኧርነስት አከርማን የተባለ የክሊቭላንድ ከተማ የኤሌክትሪክ ባቡር ነጂ ዐቅዱ በተጀመረ በማግሥቱ ጡረታ ወጣና፣ ለአንድ ቀን መዋጮ 5 ሳንቲም ተቈርጦበት 17 ሳንቲም ተቀበለ፤ ነገሩም በዚሁ አለቀ። የወር ክፍያ የተጀመረው ከሦስት ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. ጥር 31 ቀን 1940 ሲሆን፣ የመጀመሪያዋ ተቀባይ አይዳ ሜይ ፉለር የተባለች የቬርሞንት ግዛት ሴት ነበረች። የመጀመሪያው ክፍያዋ 22 ዶላር ከ54 ሳንቲም ነበር። ሴትዮዋ ዕድሜ ሰጥቷት እስከ 100 ዓመቷ ስለ ኖረች፣ እ.ኤ.አ. በ1975 እስክትሞት ድረስ ወር በመጣ ቍጥር ክፍያው አልተቋረጠባትም፤ በጠቅላላው ከ22,000 ዶላር በላይ ተቀብላለች። አንድ ጊዜ የሚሰጥ ገንዘብ የዕድሜን ርዝመት አያውቅም፤ በየጊዜው የሚመለስ ክፍያ ግን ሰውዬው እስካለ ድረስ አብሮት ይሄዳል። ስለዚህ ትንሽም ብትሆን በየወሩ የምትመጣው አበል ታላቅ ነገር ናት።

ታዲያ ለምን በየወሩ ሆነ? መልሱ ጡረታ የደመወዝ ልጅ ስለ ሆነ ነው። በእኛ አገር ደመወዝ የሚከፈለው በወር ነው፤ ከሲቪል ሠራተኛው ደመወዝ 7 በመቶ፣ ከአሠሪው ደግሞ 11 በመቶ ለጡረታ መዋጮ የሚገባው በየወሩ ነው፤ አበሉም ሲሰላ መነሻ የሚሆነው የመጨረሻዎቹ ሦስት ዓመታት አማካይ የወር ደመወዝ ነው። ስለዚህ ልጁም የአባቱን ጠባይ ወርሶ በወር ይመጣል። በሌላ አገር ደግሞ ልማዱ ሌላ ነው። በእንግሊዝ አገር የሠራተኛው ሕዝብ ደመወዝ በየሳምንቱ ይከፈል ስለ ነበር፣ እ.ኤ.አ. ጥር 1 ቀን 1909 የሽማግሌዎች ጡረታ በተጀመረ ጊዜ 70 ዓመት የሞላቸው ሰዎች በሳምንት እስከ 5 ሽልንግ ድረስ ከፖስታ ቤት ይቀበሉ ነበር። ዛሬ ግን የእንግሊዝ መንግሥት ጡረታ በተለመደው አሠራር የሚከፈለው በየአራት ሳምንቱ ነው። በአውስትራሊያ በየሁለት ሳምንቱ፣ በአሜሪካ በየወሩ ይከፈላል። በኢጣልያ ወሩ ዐሥራ ሁለት ሆኖ ሳለ ባለጡረታው በዓመት 13 ጊዜ ይቀበላል፤ ዐሥራ ሦስተኛው ክፍያ ለገና በዓል በታኅሣሥ ወር የሚጨመር ነው። በእስፓኝም መደበኛው ጡረታ በዓመት 14 ጊዜ ይከፈላል።

እንግዲህ ከዚህ ላይ ወደ ራሳችን ቤት እንመለስ። የእንግሊዙ ባለጡረታ በየአራት ሳምንቱ ስለሚቀበል በዓመት 13 ጊዜ ያገኛል። ኢጣልያዊውም 13 ጊዜ ያገኛል። እኛ ግን ዐሥራ ሦስት ወር ያለን ሕዝብ ስንሆን የምንቀበለው 12 ጊዜ ነው። ለጳጕሜን ደመወዝ እንደሌለው ሁሉ ጡረታም የለውም። ገንዘቡ የሚወጣበት ቀን ከወሩ በየትኛውም ላይ ቢውል፣ በነሐሴ ከተቀበሉበት ቀን አንሥቶ በመስከረም እስከሚቀበሉበት ቀን ድረስ 35 ቀን አለ፤ በአራት ዓመት አንድ ጊዜም በዘመነ ሉቃስ መጨረሻ 36 ቀን ይሆናል።

በእርግጥ ዳቦው በስንት ቍራሽ ቢቈረስ ዳቦነቱ አይጨምርም። ጠቅላላው የዓመት ገንዘብ አንድ ከሆነ በ12ም ቢከፈል በ13ም ቢከፈል ያው ነው ብሎ የሚከራከር ይኖራል። በወረቀት ላይ ይህ እውነት ነው። በሌማት ላይ ግን ልዩነት አለው፤ ምክንያቱም ያ ረጅም ወር የሚመጣው ወጪ በሚበዛበት ጊዜ ነው። ጾመ ፍልሰታ አልቆ ነሐሴ 16 ቀን ይፈታል፤ መስከረም 1 ቀን ዘመን መለወጫ ነው፤ መስከረም 17 ቀን መስቀል ነው፤ በዚሁ ወር ትምህርት ቤት ይከፈታል። የልጅ ልጅ የሚያሳድጉ አያቶች ደግሞ በየሰፈሩ ብዙ ናቸው፤ ደብተሩም ጫማውም የሚጠበቀው ከእነርሱ ነው። ዘይቱ፣ ቅቤው፣ ዶሮው የሚወደደው በዚሁ ሰሞን ነው። ስለዚህ የዓመቱ ረጅሙ ወር የዓመቱ ከባዱ ወርም ሆኖ ይገኛል።

ገበሬው ይህን ነገር ከእኛ ይልቅ ያውቀዋል። የእርሱ የክፍያ ጊዜ በዓመት አንድ ጊዜ ነው፤ መኸር ሲገባ ይቀበላል፣ ከዚያ በኋላ ጐተራውን እየለካ እስከሚቀጥለው መኸር ይደርሳል። የዘሩን ለዘር፣ የክረምቱን ለክረምት ለይቶ ያስቀምጣል፤ ክረምት ሲገባ ጐተራው ባዶ እንዳይሆን በኅዳር ያስብበታል። በደመወዝ የኖረ ሰው ግን ወር በመጣ ቍጥር ስለሚቀበል ይህን የጐተራ ጥበብ ሳይማር ዕድሜው ያልፋል። በሥራ ላይ ሳለ ቢያጥረው ከባልደረባው ይበደራል፤ የትርፍ ሰዓት ይሠራል፤ አበልም ያገኛል። ጡረታ ሲወጣ ግን እነዚህ በሮች ሁሉ ይዘጉበታል።

እስኪ በቍጥር እንመልከተው። አንድ ባለጡረታ በወር 6,000 ብር ይቀበላል እንበል። በ30 ቀን ቢያካፍለው ለቀን 200 ብር ይደርሰዋል፤ እንዲህ እያደረገ ዓመቱን ሙሉ ቢበላ ግን ጳጕሜን በመጣች ጊዜ ለአምስቱ ቀን የሚሆን 1,000 ብር ይጐድለዋል። የዓመቱ ገንዘብ 72,000 ብር ነው፤ ይህ ለ365 ቀን ሲካፈል የቀኑ ድርሻ 197 ብር ይሆናል። ስለዚህ ከመስከረም አንሥቶ በየወሩ 82 ብር ለይቶ ያስቀመጠ ሰው በነሐሴ መጨረሻ 984 ብር ይኖረዋል፤ ጳጕሜንም እንደ ሌሎቹ ቀኖች ድርሻዋን ታገኛለች። በቀን የጐደለበት 3 ብር የማይሞላ ገንዘብ ነው። ደመወዝተኛም ቢሆን ይኸንኑ ቢያደርግ ይጠቀማል።

ከዚያ የተረፈውን ወር ደግሞ መክፈል ያስፈልጋል። የቤት ኪራዩ፣ የእድሩ መዋጮ፣ የመብራቱና የውሃው ሒሳብ፣ የዘወትር መድኃኒት ካለም እርሱ አስቀድሞ ይነሣ። እህሉም በዚያው ሰሞን ቢሸመት መልካም ነው፤ በጣሳ እየተለካ የሚገዛ ዱቄት ከኪስ የሚያወጣው በጠቅላላው ሲደመር ከፍ ያለ ነውና። የቀረው ገንዘብ ግን በአንድ ቦርሳ አይቀመጥ። የእኛ ቤተ ሰብ ወሩን የሚቈጥረው በበዓላቱ ስለ ሆነ መክፈያውም ከእጃችን አይርቅም፤ ከልደታ እስከ ሚካኤል አንድ፣ ከሚካኤል እስከ ማርያም ሁለት፣ ከማርያም እስከ ወሩ መጨረሻ ሦስት። በሦስት ፖስታ ለይቶ ማስቀመጥ ነው፤ ሁለተኛው ፖስታ ሚካኤል ሳይደርስ አይከፈት። ክፍያው በወሩ መካከል የሚደርሰው ሰውም ከዚያው ቀን ጀምሮ በሦስት መክፈል ይችላል።

ይህን የማያደርግ ቤት ወዴት እንደሚደርስ ሁላችንም እናውቀዋለን። ገንዘቡ በሁለተኛው ሳምንት ያልቃል፤ በሦስተኛው ሳምንት ከሰፈሩ ሱቅ በዱቤ ይወሰዳል፤ በዱቤ ደብተሩ ላይ ዘይት፣ ስኳር፣ ሳሙና ይጻፋል። የጡረታው ቀን ሲደርስም የተቀበሉት ገንዘብ አስቀድሞ ለተበላው እንጀራ ይከፈላል፤ ለሚመጣው ወር የሚቀረው ግማሹ ነው፤ ስለዚህ ዱቤው በሁለተኛው ወር ከበፊቱ ቀድሞ ይጀምራል። በዚህ መንገድ ወሩ ወደ ኋላ ይሄዳል። የጡረታ ቀን የደስታ ቀን መሆኑ ቀርቶ የዕዳ ቀን ይሆናል። ባለ ሱቁ አይወቀስም፤ እርሱም የራሱ ዕዳ አለበት።

ሆኖም 82 ብር ይቅርና 8 ብር ለይቶ ማስቀመጥ የማይችል ባለጡረታ መኖሩን መዘንጋት አይገባም። ደመወዛቸው አነስተኛ በነበረበት ዘመን ጡረታ የወጡ አረጋውያን አበላቸውም አነስተኛ ነው፤ ለእንዲህ ያለው ሰው ቍጠባ ብቻውን መፍትሔ አይሆንም። እዚህ ላይ ነው እንግዲህ የሥጋ ልጅ፣ የመጀመሪያው ጧሪ፣ ቦታውን መያዝ ያለበት።

ለእናቱ ወይም ለአባቱ የሚረዳ ልጅ መልካም አድርጓል። ነገር ግን የሚረዳበትን ቀን ያስብ። ልጅም ደመወዝ የሚቀበለው በወር መጨረሻ ነው፤ ስለዚህ 1,000 ብር ለእናቱ የሚሰጠው ብዙ ጊዜ እናቱ ጡረታዋን በተቀበለችበት በዚያው ሰሞን ይሆናል። በአንድ ሳምንት ሁለት ገንዘብ ገባ፤ በቀሩት ሦስት ሳምንታት ግን ምንም አልገባም። ይኸው ልጅ ያንኑ 1,000 ብር አስቀምጦ በማርያም ዕለት ቢሰጣት እርሱ አንድ ሳንቲም አይጐድልበትም፤ ለእርሷ ግን የዱቤው ደብተር ሳይከፈት ወሩ ያልፋል። ልጆቹ ሦስት ከሆኑም ተመካክረው ቀኑን ይከፋፈሉ፤ አንዱ በሚካኤል፣ ሁለተኛዋ በማርያም ይስጡ፤ ሦስተኛው ደግሞ የየወሩን ድርሻ አጠራቅሞ ጳጕሜንን ይያዝ።

በውጭ አገር የምትኖሩም ይህን ምክር አትናቁት። ለዘመን መለወጫ የሚላከው ገንዘብ በዓሉን ደስ ያሰኛል፤ ነገር ግን አብዛኛው በበጉና በዶሮው፣ በእንግዳውም መስተንግዶ ያልቃል። መስቀል ካለፈ በኋላ ከመስከረም 18 ቀን ጀምሮ የሚቀጥለው ክፍያ እስኪደርስ ድረስ ያሉት ቀኖች በብዙ ቤት ባዶ ናቸው። የምትልኩትን ለሁለት ከፍላችሁ ግማሹን ከመስቀል በኋላ ብትልኩት በዓሉም አይቀርም፣ ወሩም ይሞላል።

ወላጆቻቸው ከእነርሱ ጋር በአሜሪካ የሚኖሩ ልጆች ደግሞ የዚያን አገር የክፍያ ቀን ማወቅ አለባቸው። በዚያ አገር እ.ኤ.አ. ከ1997 አጋማሽ ወዲህ ጡረታ የጀመረ ሰው የሚቀበልበት ቀን በልደቱ ቀን ይወሰናል። ከወሩ 1 እስከ 10 የተወለደ በወሩ ሁለተኛ ረቡዕ፣ ከ11 እስከ 20 የተወለደ በሦስተኛው ረቡዕ፣ ከ21 እስከ 31 የተወለደ በአራተኛው ረቡዕ ይከፈለዋል። የሚታየውም በሰነዱ ላይ የሠፈረው የፈረንጆች ቀን እንጂ እናት በቃሏ የምታስታውሰው የኢትዮጵያ ቀን አይደለም። ክፍያውም የሚሰጠው ላለፈው ወር ስለ ሆነ የሰኔ ጡረታ በሐምሌ ይደርሳል። የቤት ኪራይ ግን ወር ሲጠባ የሚጠየቅ በመሆኑ በመካከሉ ያለውን ጊዜ የሚሞላ ገንዘብ አስቀድሞ ማዘጋጀት ያስፈልጋል።

ስለ ውክልናም አንድ ነገር መባል አለበት። እግር የደከማቸው አባቶችና እናቶች ገንዘባቸውን በልጅ ወይም በዘመድ እጅ ያስወጣሉ፤ የባንክ ካርዳቸውንና የምስጢር ቍጥራቸውንም ለልጅ የሰጡ አሉ። ገንዘቡ ግን የአደራ ገንዘብ ነው። በወጣበት ዕለት ተቈጥሮ በባለቤቱ እጅ ይግባ፤ «እኔ ጋ ይቀመጥልዎ» መባል የሚገባው እርሳቸው ከጠየቁ ብቻ ነው። የእድራቸውን መዋጮ በገዛ እጃቸው መክፈል፣ ለልጅ ልጃቸው ከረሜላ መግዣ ከመቀነታቸው ፈትተው መስጠት ለእኛ ትንሽ ነገር ይመስለናል። ሠላሳና አርባ ዓመት ሠርተው ላደሩ ሰዎች ግን ዛሬም የቤቱ አባት፣ የቤቱ እናት መሆናቸውን የሚያውቁት በዚህ ነው። ባለጡረታው በሕይወት መኖሩን በአካል ቀርቦ እንዲያረጋግጥ በተጠየቀ ጊዜም ቀኑ እንዳያልፍ ልጅ አባቱን ይዞ ይሂድ፤ ካልሆነ ክፍያው ይቋረጥና ለማስቀጠል ብዙ መመላለስ ይመጣል።

በመጨረሻም ከጳጕሜን የሚረዝም አንድ ክፍተት አለ፤ እርሱም ባለጡረታው ሲሞት የሚመጣው ነው። ሕጉ የሟችን አበል ግማሽ ለሚስት ወይም ለባል ይሰጣል፤ አካለ መጠን ላልደረሱ ልጆችም ድርሻ አላቸው። ይህ መብት ግን በማመልከቻና በማስረጃ የሚገኝ እንጂ በራሱ የሚመጣ አይደለም። የጋብቻ ማስረጃ ያልተገኘላት፣ የልጆቿ የልደት ምስክር ወረቀት ያልተሟላላት፣ ስሟ በአንዱ ወረቀት እንዲህ በሌላው እንዲያ የተጻፈባት መበለት ሐዘኗን ሳትጨርስ በየመሥሪያ ቤቱ ስትመላለስ ወራት ያልፋሉ፤ በእነዚያም ወራት አንድም ክፍያ አይገባም። ስለዚህ ሁለቱም በሕይወትና በጤና ሳሉ ወረቀቶቹ በአንድ ማኅደር ይሰብሰቡ፤ ስሞቹ አንድ መሆናቸው ይታይ፤ የጐደለም ካለ አሁኑኑ ይውጣ። ይህ ሞትን መጥራት ሳይሆን ለሚቀረው ሰው ማሰብ ነው።

እንግዲህ ይህን መጽሔት ያነበባችሁ ልጆች፣ ወላጆቻችሁ ጡረታቸውን የሚቀበሉበትን ቀን ታውቁ እንደ ሆነ ራሳችሁን ጠይቁ። የማታውቁ ከሆነ ዛሬ ጠይቋቸው። ከዚያም ያ ቀን ካለፈ ከሃያ ቀን በኋላ ወደ ቤታቸው ጐራ በሉና ከሌማቱ ላይ ያለውን ተመልከቱ።